ባሕር ዛፍ ሥር ያቆምኳቸው ፍቅረኞች፦ «የፍቅር ልብ ወለድ አገልግሎት አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ጽሑፉን የላከችልኝ ጓደኛዬ ናት። ከሥሩ «ይሄ አንቺን ነው» ብላበታለች። አንብቤ ስጨርስ፣ እውነትም እኔን ነው።

ጸሐፊው በስም አልጠሩኝም። አያውቁኝምም። የሚናገሩት ግን ስለ እኔ ዓይነቷ ሴት ነው፦ ክርስቲያን ሆና፣ በድሮ ዘመን ላይ የቆመ የፍቅር ታሪክ እየጻፈች፣ «ይህ ጥሪዬ ነው» ስለምትል። አምስት ነገር ይላሉ። ልብ ወለድ ውሸት ነው። የፍቅር ታሪክ የዘፈን ታናሽ ወንድም ነው፤ ምኞት ይቀሰቅሳል፣ ትዳር ያናጋል። ይህ ዓይነቱ ድርሰት ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ነው። ታሪክን ያበላሻል፤ የሞቱ ሰዎችን የፍቅር ማጣፈጫ ያደርጋል። በመጨረሻም «ጥሪ» ለወንጌል አገልጋይ የተሰጠ ቃል ነው፤ የመጽሐፍ ማሻሻጫ አይሁን።

እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አራተኛው ነጥብ ግን ሌሎቹን አራቱን ያህላል። እሱ ላይ ስደርስ ረዘም ብል አትፍረዱብኝ።

ማንነቴን ላስቀድም። ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምጽፈው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት፣ ልጆቹ ሳይነሱ ነው። ያሳደገችኝ አያቴ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ ዳዊት ደጋሚ። እኔ ደግሞ ዛሬ የማመልከው በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። አሁን የያዝኩት ድርሰት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለተጋቡ ባልና ሚስት ነው። ባልየው ንጉሡን ተከትሎ ካቶሊክ ሆኗል። ሚስትየዋ አልሆነችም። ሁለቱም እኔ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ዘመኑ ግን የእውነት ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ። «ልብ ወለድ ውሸት ነው» ለሚለው ስሙ ራሱ መልስ ይመስለኛል። ልብ የወለደው ነው ብሎ ሽፋኑ ላይ ጽፎ የሚወጣ መጽሐፍ ማንን ያታልላል? ውሸታም ሰው ያልሆነው ነገር ሆኗል ብለን እንድናምነው ይፈልጋል። ነቢዩ ናታን ዳዊት ዘንድ ሲገባ ስለ አንድ ባለጠጋና አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድኻ አወራው። ባለጠጋውም፣ ድኻውም፣ በጓም በምድር ላይ አልነበሩም። ንጉሡ ግን ነደደ፤ ፈረደም። የፈረደው በራሱ ላይ ነበር። ናታን «ኦርዮንን አስገድለሃል» ብሎ ቢገባ ኖሮ ከዚያ አዳራሽ በእግሩ ይወጣ እንደሆነ እንጃ። ጸሐፊው አስተማሪ ናቸው፤ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንደሰበኩበት እሳቸው ያውቃሉ። እዚህ ላይ አልቆይም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የፍቅር ታሪክን ከዘፈን ጋር ያስሩና ገላትያ 5፥21ን ይጠቅሳሉ። በእኛ ቤት ያደገ ሁሉ ጥቅሱን ያውቀዋል። ስካር ይልና ቀጥሎ «ዘፋኝነት» ይላል። በዚህች አንዲት ቃል ስንት ካሴት ተሰባብሯል። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ የወንድሜን ካሴቶች ለቅሜ ጥያለሁ። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። የግሪኩ ቃል ግን ኮሞስ ነው። ኮሞስ ማለት ሰዎች ጠጥተው፣ ሰክረው፣ ሌሊት በየመንገዱ እየጨፈሩ የሚዞሩበት ፈንጠዝያ ነው። ጳውሎስ ከስካር አጠገብ ያስቀመጠው በምክንያት ነው። ወንድ ሴትን ስለ መውደዱ መናገር አይቻልም የሚል ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ቢኖርማ አያቴን ምን ልናደርጋት ነው? ዳዊቷ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ይኖር ነበር። ዳዊት ስንል ደግሞ 150ው መዝሙር ብቻ አይደለም። ከመዝሙሩ ቀጥሎ የነቢያት ጸሎት፣ ከዚያ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ከዚያ ውዳሴ ማርያም ተያይዞ ነው የሚጻፈው። ይህ እንግዲህ የቆሎ ተማሪ ንባብ የሚያጠናበት መጽሐፍ ነው። አባቶቻችን ያን መጽሐፍ ሲጠርዙ «ከንፈሮችሽ እንደ ቀይ ፈትል ናቸው» የሚለውን አላወጡትም። «እሱማ ምሳሌ ነው፤ ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሁን፣ ምሳሌ ነው። ግን ሰሙ በደንብ ካልተቀረጸ ወርቁ ምን መልክ ይዞ ይወጣል?

ትዳር ያናጋል በሚለው ግን ጸሐፊውን ሙሉ በሙሉ አልሞግታቸውም። አንዲት አንባቢ የመጀመሪያ መጽሐፌን ጨርሳ «ባለቤቴ እንደ አንተነህ አንድ ቀን እንኳ አይቶኝ አያውቅም» አለችኝ። አንተነህ ዋናው ገጸ ባሕርዬ ነበር። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። የደነገጥኩት ማታ አልጋዬ ላይ ነው። አንተነህን የሠራሁት እኔ ነኝ። አይደክመውም። አያንኮራፋም። ከእርሻ ሲመለስ እግሩ አይሸትም። ሚስቱ ስትናገር ዓይን ዓይኗን ያያል እንጂ አንድ ቀን «እ?» አይልም። እንዲህ ያለ ወንድ የለም፤ ካለም እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውል የእውነት ባል፣ በሌለ ሰው ተበለጠ። በዚህ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ስንፍናዬ ነው። አሁን የምጽፈው ባል ያኮርፋል። ሦስት ቀን ሙሉ ያኮርፋል። ሚስቱም ታውቃለች፤ ጠብቃ ጠብቃ በአራተኛው ቀን ጠላ ትቀዳለታለች። ያዕቆብ ለራሔል ሰባት ዓመት ሲገዛ እንደ ጥቂት ቀን ሆነለት የሚለውን የጻፈው ያው መጽሐፍ፣ ያዕቆብ ራሔልን የተቆጣበትንም ቀን ጽፎታል። ሁለቱንም ይዞ መጻፍ ይቻላል።

ሦስተኛው፣ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ነው የሚለው። ግማሹ እውነት ነው። በመጽሐፍ መደብር የራሱ መደርደሪያ ያለው፣ የራሱ ሽልማት ያለው ክርስቲያናዊ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ የሰሜን አሜሪካ ወንጌላውያን ልጅ ነው። ብዙዎች አነሳሱን ከጃኔት ኦክ ጋር ያያይዙታል። ካናዳዊት ናት፤ የመጀመሪያ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ። የአሜሪካ ሜዳ ላይ፣ በችግር ምክንያት ሳይዋደዱ የተጋቡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፍቅሩ ከጋብቻው በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። ከእሷ በኋላ ፍራንሲን ሪቨርስ የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ወስዳ በ1850ዎቹ የካሊፎርኒያ የወርቅ ዘመን ላይ ተከለችው። ሪቨርስ ቀድሞ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ትጽፍ የነበረች ሴት ናት።

አሁን ይህን ዕቃ እንዳለ ላስመጣው ብል የሚሆነውን ልንገራችሁ። እዚያ አንዳንድ አሳታሚዎች ሕግ አላቸው። መሳሳም እስከዚህ ድረስ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ይህስ ይሁን። አንዳንዶቹ ግን ጥሩው ክርስቲያን ገጸ ባሕርይ መጠጥ እንዲጠጣም አይፈልጉም። እስቲ በሱስንዮስ ዘመን ጠላ የሌለበት ሠርግ ጻፉልኝ። ጠጅ የማይቀዳበት የመኳንንት ግብር ጻፉልኝ። ድግሱ በውኃ ሊያልቅ ነው? ሙሽራውም ሚዜውም ጥለው ነው የሚሄዱት።

ደግሞ የእነሱ ብልሃት፣ ማለት ሳይዋደዱ ተጋብቶ በኋላ መዋደድ፣ ለእኛ አያቶች ብልሃት አልነበረም። ኑሮ ነበር። ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር ይስማማል፤ ልጅቷ ሰውየውን የምታየው ከሠርጉ በኋላ ነው። ዘፍጥረት 24 መጨረሻ ላይ ይስሐቅ ርብቃን አገባት፣ ወደዳትም ይላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። አያቴ ይህን ስታነብ ምንም አይገርማትም ነበር። (ይህን የምጽፈው ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማሳመር አይደለም። አያቴ ራሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓመት ስታስታውስ ድምፅዋ ይቀየር ነበር። እሱም መጻፍ አለበት።)

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ጸሐፊው የገዛ ቤታችንን መርሳታቸው ነው። «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ከየት አመጣነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተመው ከ«ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው እሱ ነው፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» እያለ ይጠራዋል። ውስጡ ምን አለ? ክርስቲያኖችና አረማውያን ይዋጋሉ። የጦር አዛዡ ይማረካል። መንታ ልጆቹ ዋህድና ጦቢያ ይንከራተታሉ። ጦቢያ ወንድ መስላ ትለብሳለች። በመጨረሻ አረማዊው ንጉሥ ጦቢያን ወድዶ ክርስቲያን ሆኖ ያገባታል። ዘመኑ የድሮ፣ ነገሩ ሃይማኖት፣ መጨረሻው ሠርግ። ወንድሜ፣ ይህ እርስዎ «የአሜሪካ ዕቃ» ያሉት ነገር ካልሆነ ምንድን ነው? ጃኔት ኦክ ከመጻፏ ከሰባ ዓመት በፊት ነው። (አፈወርቅ በኋላ በወረራው ጊዜ ከጣልያን ጎን መቆሙን አልረሳሁም። ደራሲነት ሰውን ጻድቅ አያደርግም፤ እኔንም ጨምሮ።)

ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ» ብለው ሲጽፉ ከርዕሱ ሥር ያስቀመጡት የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ስ? በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ ሳያገባ ሊኖር። ሰብለ ወንጌል መጨረሻዋ ምንኩስና ነው። ስእለት ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም በሚል ጥያቄ ላይ የቆመ የፍቅር ታሪክ ነው። ይህ የእምነት ጥያቄ ካልሆነ የምን ጥያቄ ነው? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠው ሕዝብ «ከውጭ የመጣ ነው» አላለም።

እሺ፣ አራተኛው።

ጸሐፊው የታሪክ መበላሸት ሲሉ መጀመሪያ የገመትኩት ጥቃቅን ስህተቶችን ነበር፤ በእሱማ እኔን የሚያህል የለም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ስጽፍ ሁለቱን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1624 ባሕር ዛፍ ሥር አቆምኳቸው። ነፋሱ ቅጠሉን ያንሿሿል፣ ሽታው ያውዳል፣ እሱ ይተክዛል፣ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ስጽፈው አልቅሻለሁ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ወደ 270 ዓመት ያህል ቀድሜ ተክዬዋለሁ። ሙሽራዋን ደግሞ ከጎንደር ነበር ያመጣኋት። ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ከሌለ ከተማ መጣች ማለት ነው። የቄሱ ቤትም ቡና ተፈልቶ ነበር፤ እስከ ሦስተኛው። ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ አረጋዊ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ቄስ ቡና የሚጠጣው በማን ዘመን ነው?» አሉኝ። ቡና ለረጅም ጊዜ የእስላም መጠጥ ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ ነውር ነበር። ነውሩ የቀለለው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ዛሬ ከቡና ውጭ እንግዳ መቀበል ስለማናውቅ ሁልጊዜ እንዲህ የነበረ ይመስለናል። ዛፉን ወደ ዋርካ ለወጥኩት። ቡናውን አነሳሁት። ይህ ሁሉ የሚታረም ነው።

ጸሐፊው ያሉት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። «የሞቱትን የፍቅር ማጣፈጫ ታደርጋላችሁ» ነው ያሉት። ይህን አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምክንያቱም እውነት ሆኖ የተገኘበትን አንድ ጉዳይ አውቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር በሃይማኖታዊው ዘርፍ ለአንድ ክርስቲያናዊ ታሪካዊ ልብ ወለድ ሽልማት ሰጠ። የመጽሐፉ ጀግና የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። ታሪኩ የሚነሳው ከዉንድድ ኒ ነው። ዉንድድ ኒ በ1890 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የአሜሪካ ጦር የአገሩ ነባር ተወላጆች የሆኑትን የላኮታ ሰዎችን፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ በመቶዎች የጨረሰበት ቦታ ነው። ጀግናው እዚያ ነበረ። ያየውና የተካፈለበት ነገር ይጸጽተዋል። ይቅርታ ይፈልጋል። ከዚያ ፍቅር ይመጣል። ብዙ አንባቢ ተቆጣ። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ሽልማቱን መልሶ ወሰደ። ያኔ የተጻፈውን ክርክር ተከታትዬ ነበር። አንዳንዱ «ንስሓ ለማንም ክፍት ነው፤ ይህ እኮ ወንጌል ነው» ይላል። ንስሓ ለማንም ክፍት መሆኑን እኔም አምናለሁ። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ የሞተው አንድ መኮንን ልቡ እንዲሰበርና ለትዳር እንዲበቃ ነው እንዴ? ተቃዋሚዎቹ ያነሱት ይህን ነበር። ትክክል ነበሩ ብዬ አስባለሁ።

ይህን ሳስብ ተነስቼ የራሴን ረቂቅ ከፈትኩ። የኔ ሙሽራ የባላባት ልጅ ናት። ቤቷ ትልቅ ነው። ውኃው ይቀዳል፣ እህሉ ይፈጫል፣ እግር ይታጠባል። ማን ነው የሚቀዳው? ማን ነው የሚፈጨው? በዚያ ዘመን የመኳንንት ቤት በባሮች ነው የሚሠራው። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው እኮ በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ ሕፃን ሳለች። ምዕራፍ ሦስትን አገላበጥኩ። አንዲት መስመር አገኘሁ። «አንዲት ልጅ እንስራ ተሸክማ ገባች» ይላል። አለቀ። እንስራውን አስቀመጠች፣ ወጣች፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ወሬያቸውን ቀጠሉ። ስም የላትም። ከየት እንደመጣች አልተጻፈም። ሁለት መቶ ገጽ ስለ ነፃነት፣ ስለ ሕሊናና ስለ እምነት ጽፌ ያቺን ልጅ አላየኋትም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በዚህ ነጥብ ረትተውኛል። የምቀበለው ግን ድምዳሜዎትን አይደለም። እርስዎ «ስለዚህ ተዉት» ይላሉ። እኔ ደግሞ፣ ብንተወው ያቺ ልጅ ጭራሽ አትጻፍም እላለሁ። ስለ ሱስንዮስ ዘመን የምናነበው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1622 ንጉሡ ካቶሊክነቱን አወጀ። በ1626 ለሮም መገዛቱ በይፋ ተነገረ። በ1632 ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። አዋጅ፣ ጦርነት፣ አዋጅ። በመሀል ያለው ቤት የታለ? ከሮም የተላከው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ቀሳውስቱም እንደገና እንዲካኑ አዝዞ ነበር። እንግዲህ አስቡት። ልጅ ተወልዷል። አባትየው በአዲሱ ሥርዓት ይጠመቅ ይላል። እናትየዋ አርባ ቀኑ ሳይሞላ ሌሊት ለቀድሞው ቄስ ይዛው ልትወጣ እንስራ ሥር ልብስ ደብቃለች። ይዋደዳሉ። ያን ሌሊት ምን ይባባላሉ? ይህን የሚመልስ ሰነድ የለም። ይህን የሚጠይቅ ድርሰት ታሪክን አበላሸ የሚባለው እንዴት ነው?

ድንበር ግን ያስፈልጋል። የኔን ልናገር። የእውነት ሰው ላይ የሌለ ፍቅር አልለጥፍም።

በዚሁ ዘመን የነበሩትን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ውሰዱ። ባላቸው መልክአ ክርስቶስ የሱስንዮስ ባለሟል ነበር። የወለዷቸው ሦስት ልጆች ሞተውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1617 የንጉሡ ወገን የኦርቶዶክሱን ጳጳስ አቡነ ስምዖንን ገደለ። እሳቸው ባላቸውን ትተው ወጡ፤ መነኮሱ፤ የሃይማኖት ለውጡን ተቃወሙ። ገድላቸው በ1672 ተጽፏል። የፍቅር ደራሲ ይህን ሲያነብ እጁን ይበላዋል። «ባልየው እኮ ይወዳቸው ነበር፤ እስቲ በስተመጨረሻ አንድ ጊዜ ላገናኛቸው» ይላል። አይሆንም። የሕይወታቸው ነገር በገዛ እጃቸው የመረጡት ነው። እኔ ሌሎች ሰዎችን ፈጥሬ እዚያው ዘመን ውስጥ ያስገባሁት ለዚህ ነው።

አስቴር ጋኖም እንዲሁ። በልጅነቷ ተሸጣ እ.ኤ.አ. በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ላይ በጣልያኖች የዳነች፣ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት። ከተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የደከመች ናት። አንድ ወዳጄ «አስቴርን ጻፊያት፤ አንድ ፍቅረኛ ብቻ ስጫት» አለኝ። ለምን? ያለ ወንድ ታሪኳ አይሞላም እንዴ? ሞልቶ የተረፈ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የሚለጠፍ ነገር ጨርሶ አያስፈልግም፤ የሆነው ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1979 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳና ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ከአዲስ አበባው የዑራኤል ማኅበረ ምእመናን ሲወጡ አብረው ተያዙ። እሳቸው ተገደሉ። እሷ ተለቀቀች፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ታስራ አሥር ዓመት ያህል በወህኒ ቆየች። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። ይህን ስናስተምር ስለ ሰማዕትነት እንናገራለን፤ ልክ ነው። ባልና ሚስት መሆናቸውን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን።

አምስተኛው ላይ አጭር ልሁን። «ጥሪ ለወንጌል አገልጋይ ነው» ይላሉ። ዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር በስሙ ጠራሁት፣ መንፈሴንም ሞላሁበት ያለው ባስልኤልን ነው። ባስልኤል አልሰበከም። ወርቅና ናስ ሠራ፣ ድንጋይ ቀረጸ፣ እንጨት ጠረበ። እኛ አገር ቢወለድ ኖሮ ባለ እጅ ብለን፣ ቡዳ ብለን ከመንደር ዳር እናሰፍረው ነበር። ቀጥቃጩን እየናቅን ማረሻውን፣ ሸክላ ሠሪዋን እየሸሸን ድስቷን ስንገዛ ኖረናል። «መስበክ ጥሪ ነው፤ መሥራት ግን እንጀራ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከዘጸአት የመጣ አይመስለኝም። ከዚያው ከድሮው ንቀታችን ነው የመጣው።

ቃሉ ያለ አግባብ መባከኑን ግን አልክድም። እኔው ነኝ ምስክሯ። የመጀመሪያ መጽሐፌን ያረመልኝ ሰው አንድ ምዕራፍ ሙሉ አውጪ አለኝ። «ይህን ጌታ ነው የሰጠኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እንግዲያው ጌታ ነጠላ ሰረዝ አይወድም ማለት ነው» አለኝ። ሳቅን። ምዕራፉን አወጣሁት። ማፈር ያለብኝን ያህል ያፈርኩት ግን በኋላ ነው። ጥሪ ነው ያለ ሰው የበለጠ መታረም አለበት እንጂ ከእርማት ማምለጫ ሊያደርገው አይገባም። ጌታ ከሰጠኝ፣ ባሕር ዛፉን የተከለው ማን ሊሆን ነው?

ስለ ገንዘቡማ ባንነጋገር ይሻላል። ማተሚያ ቤት የከፈልኩትን፣ ለአከፋፋይ የቀነስኩትን፣ አዟሪዎቹ ይዘውት የቀሩትን ላስላ ብል የሒሳብ ሠራተኛነቴ ያሳፍረኛል። ገንዘብ ብፈልግ በርበሬ አስፈጭቼ እሸጥ ነበር።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የጨረሱት በጥያቄ ነው፤ «ይህን የምትጽፉትን በጉባኤ ፊት ቆማችሁ ታነቡታላችሁ?» ብለው። የመጀመሪያውን መጽሐፌን አላነበውም። አንተነህን አንስቼ ሚስቶቹ ሁሉ ባላቸውን ዞር ብለው ሲያዩ መቆም አልችልም። አዲሱን ግን አነበዋለሁ። ወንድሜ ፈቃድዎ ከሆነ ምዕራፍ ሦስትን እንደጨረስኩ ቀድሜ ለእርስዎ እልከዋለሁ፤ እንዳይምሩኝ። እንስራ ተሸክማ የምትገባዋ ልጅ አሁን ሁለት ስም አላት። አንዱን እናቷ ነው ያወጣችላት፤ ሌላውን የገዟት ሰዎች። ሙሽራዋ የምታውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።